ሞክሼን ጡረታ ላወጣ ስል

ሰው ስንት ነገር ያዝልኝ ይባላል። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ያገኘ ሰው የቆመውን ሰው ፌስታል ይይዛል፣ ቦርሳ ይይዛል፣ አንዳንዴም እናቱን የማያውቃትን ሕፃን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። እኔ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያዝልኝ የተባልኩት ግን ሶፍትዌር ነው። "ለጊዜው ነው፣ እስክመለስ ብቻ" አለኝ የሥራ ባልደረባዬ ቢንያም። የሚከብድ ነገር ስላልመሰለኝ "ችግር የለም" አልኩት። ቢንያም ታክሲው ውስጥ ገባ፤ ይኸው እስካሁን አልተመለሰም። ዶሮ እርባታ ጀምሯል። ስደውልለት ከእሱ ድምፅ ይልቅ የዶሮዎቹ ጎልቶ ይሰማኛል፤ "እሱ ነገር ደህና ነው አይደል?" ይለኛል፣ እንደ ዘመድ ጤና።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ምን እንደያዝኩ ልንገራችሁ። ስሙ ሞክሼ ነው። ፊደላችን ውስጥ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ሞክሼ ፊደላት እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ እያልን የተማርናቸው። አንዱ ጸሐፊ "ኃይሉ" ብሎ የመዘገበውን ሰው ሌላው "ሀይሉ" ብሎ ቢፈልገው ኮምፒውተር "የለም" ይላል፤ ጆሮ የለውማ። ሞክሼ ታዲያ እነዚህን ፊደላት ወደ አንድ ጠቅልሎ ሰውዬው እንዲገኝ ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች በሆዳቸው ይዘውት ይዞራሉ፣ እሱን ግን የሚያየው ሰው የለም። ክፍት ሶፍትዌር ይሉታል፤ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ማንም ሊያርመው የሚችል፣ ማንም ሊያርመው ይችላል ተብሎ ማንም የማያርመው ማለት ነው።

ሞክሼ አርጅቷል። ቀራንዮ ውስጥ የቀሩትን አሮጌ የጭቃ ቤቶች አስቡ። ቤቱ ዘሟል፤ ግን አንዱ ጎረቤት አጥሩን፣ ሌላው ሰርቪሱን፣ ሦስተኛው የውሃ ቧንቧውን አስደግፎበታል። አንዲት ምስማር ብትነቅሉ ማን ላይ ምን እንደሚወድቅ አታውቁም። እኔም ሞክሼን እነማን እንደሚጠቀሙበት አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ሲበላሽባቸው ነው። ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ሰው "የበሽተኛ ካርድ ጠፋብን" ብሎ ይጽፍልኛል። ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሌላ ሰው "በአስቸኳይ!" ብሎ ይጀምራል። አንዱማ ሰላምታም የለው፣ "ይሄ ነገር ሞቷል እንዴ?" ብቻ ብሎ ላከ።

ከሥራ በፊት የሞክሼን፣ በሥራ ሰዓት የአለቃዬን፣ እሑድ የሁለቱንም ስሠራ ወገቤ ቀጥ ማለት አቆመ። የምኖረው ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ እንደምትለው ደረጃውን ወጥቶ የሚገባው ባሏ ሳይሆን ላፕቶፕ የተሸከመ ኮት ነው። ቀልዱ ይቆየንና በእውነት ተንገሽግሼ ነበር። ስልኬ ጢዝ ባለ ቁጥር ምግብም ሰውም ያስጠላኝ ነበር።

ስለዚህ ጡረታ ላወጣው ወሰንኩ። በእኛ ሙያ ሶፍትዌር ጡረታ ሲወጣ ማስታወቂያ ይለጠፍለታል፤ ከእንግዲህ የሚጠግነው የለም፣ ሌላ ፈልጉ ይባላል። ተቀምጬ ጻፍኩት። "ለረጅም ጊዜ ብዙዎችን በታማኝነት ሲያገለግል የቆየው ሞክሼ..." ብዬ ስጀምር ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ! ማን ነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም። ሶፍትዌር ነው።"

"ታዲያ ሶፍትዌር እንዲህ አሳዝነው ይጽፉለታል?"

ደግሜ ሳነበው እውነቷን ነው። የቀረው "ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር" የሚለው ብቻ ነው። ይሁን፣ አሳዛኝ ቢሆንም ይለጠፍ ብዬ እጄን ስሰነዝር በሩ ተንኳኳ።

የመጡት ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ሠረቀ ናቸው። ጋሽ ሠረቀ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኮንዶሚኒየሙ ከተገባበት ጊዜ ጀምሮ ደግሞ የዕድራችን ንብረት ኃላፊ የሆኑ ሰው ናቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በእጃቸው ነው። ስማቸውን ሲጠየቁ "ሠረቀ በንጉሡ ሠ" ይላሉ፤ በአንድ ትንፋሽ፣ በንጉሡ ሠ የአባታቸው ስም እስኪመስል። ምክንያት አላቸው። በንጉሡ ሠ የተጻፈ ሠረቀ በግዕዙ ወጣ፣ በራ፣ ፀሐይ ሆኖ ብቅ አለ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ የተጻፈ ሰረቀ ግን ሰረቀ ማለት ነው።

"ና ውረድ። አንድ ነገር አሳይሃለሁ" አሉኝ፤ ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

ወረድን። በግቢው በር ላይ የዕድሩ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዕድራችን ሰሞኑን ዘምኗል፤ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ ጡሩንባው በስልክ መልእክት ተተክቷል። የማስታወቂያው ሐሳብ የኮሚቴ አባላትን ማስተዋወቅ ነበር። የጋሽ ሠረቀ ላይ ስንደርስ ግን የአባታቸው ስም ለወረቀቱ ረዝሞ ወደ ታች ወርዷል፤ በመስመሩ ላይ የቀረው እንዲህ ይላል፦ "የእድራችን ንብረት ሀላፊ ሰረቀ"። ስም ሳይሆን ዜና ነው። ከሥሩ አንድ ሰው በእስክሪብቶ "ምን?" ብሎ ጠይቋል። ሌላ ሰው "ድንኳን" ብሎ መልሷል። ሦስተኛው ደግሞ "እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" ብሎ ፈርሞበታል።

ሳቄ መጣ። ቀና ስል የጋሽ ሠረቀ ዓይን እንባ አቅርሯል፤ ሳቄን ዋጥኩት። መልሼ ማስታወቂያውን ሳየው ደግሞ የባሰ ነገር አየሁ። "ዕድር" ዐይኑ ዐ ወጥቶለት፣ "ኃላፊ" ብዙኃኑ ኀ ወጥቶለት፣ ሁሉም ተጠቅልለው ተጽፈዋል። ይህንን እጅ ከሺህ እጅ መሃል እለየዋለሁ። የዕድሩን ፕሮግራም የሠራው ሰው ሞክሼን ለመፈለጊያ ብቻ ሳይሆን ለመመዝገቢያም ተጠቅሞበታል፤ የገባው ስም ሁሉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ይሄንን የሠራ ሰው እጁ ይሰበር!" አሉ ጋሽ ሠረቀ።

"አሜን" አልኩ።

ምን ላድርግ? ሽማግሌ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አሜን ማለት ከሕፃንነታችን የለመድነው ነው፤ ምርቃት ይሁን እርግማን የምናጣራው በኋላ ነው። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው ቆርቆሮ ቤት፣ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ተከተልኳቸው። እዚያ የድንኳን ሸራ ሽታ እያፈነኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ የሠራሁት እኔ አይደለሁም። አሁን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።"

"የያዝከው ማለት?"

"ያዝልኝ ተብዬ ነው። ባለቤቱ ሄደ።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

"እኔም እኮ ይሄንን ቁልፍ ለአንድ ክረምት ያዝልን ተብዬ ነው" አሉ። "በየጉባኤው እነሳለሁ። ጉልበቴ አልቋል፣ ሰው ተኩ እላለሁ። 'እንደ ጋሽ ሠረቀ ያለ የት ይገኛል!' ብለው ያጨበጭቡልኛል። ካጨበጨቡት ውስጥ ግን እጁን ዘርግቶ ቁልፉን የሚቀበል አንድ ሰው የለም።"

"እኔ ግን ልተወው ነው፣ ጋሼ። ጡረታ ላወጣው ነው።"

"ለማን አስረክበህ?"

"ለማንም። ማስታወቂያ ለጥፌ እወጣለሁ።"

"ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተህ?"

"እንደዚያ ይበሉት።"

"በማግስቱ ሰው ቢሞትስ?"

ጋሽ ሠረቀ መልሴን ሳይጠብቁ "እኔን ስሜን አስተካክልልኝ" አሉ። "ከዚያ በኋላ ጡረታ አውጣው፣ ቅበረው፣ እሱ የራስህ ጉዳይ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማህም? በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ተብዬ አልቀበርም።"

ጡረታው ለአንድ ሳምንት ተራዘመ። እሑድ ተቀመጥኩና ሞክሼ ንጉሡን ሠ እንዳይነካ አደረግኩ። ከእንግዲህ ሠ ሠ ሆኖ ይኖራል፣ ሰ ሰ ሆኖ ይኖራል አልኩና አዲሱን ለዓለም ለቀቅኩት። የዕድሩ ፕሮግራምም አዲስ ሲወጣ በራሱ የሚስብ ስለሆነ ወዲያው ወሰደው። ደረቴን ነፍቼ የዕድሩን ጸሐፊ አቶ ደግፌን "አሁን የጋሽ ሠረቀን ስም እንደገና ይጻፉት፣ አይበላሽም" አልኳቸው።

"የአባል ስም የሚታረመው በጠቅላላ ጉባኤ ነው" አሉኝ።

"ፊደል እኮ ነው፣ አቶ ደግፌ።"

"ዛሬ ፊደል፣ ነገ ስም፣ ከነገ ወዲያ ሰውየው ራሱ ይቀየራል። ደንብ ነው!"

አቶ ደግፌ ክፉ ሰው አይደሉም። ደንብ የሚባል ነገር ከተነሳባቸው ግን የራሳቸውን እናት መታወቂያ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። እኔም አልታገልኳቸውም። መዝገቡ ውስጥ የተቀመጠው በእሳቱ ሰ፣ አዲሱ ሞክሼ የሚፈልገው በንጉሡ ሠ ስለሆነ፣ ጋሽ ሠረቀ ቢፈለጉ እንደማይገኙ አውቄ ነበር። ግን ጉባኤው ቅርብ ነው፣ ደግሞስ ግቢው በሙሉ የሚያውቃቸውን ሰው በኮምፒውተር ማን ይፈልጋቸዋል ብዬ ተውኩት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በዚያው ሰሞን ከዕድሩ ብረት ድስቶች አንዱ ታጣ። በኋላ አንዲት ሐዘንተኛ ቤት አልጋ ሥር ተገኘ፤ እስኪገኝ ግን በበሩ ላይ ያለው ቀልድ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ሰዎች ጋሽ ሠረቀን ሰላም ሲሏቸው መጀመሪያ እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ኮሚቴው ተሰብስቦ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከእንግዲህ ሲስተሙ የሟቹን አባልነት አረጋግጦ የመውጫ ቁጥር ካልሰጠ በስተቀር ከዕቃ ቤት አንድ ካስማ አይወጣም። ጋሽ ሠረቀ ደንቡን ሰሙ። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ መቀመጥ ተዉ።

በክረምቱ እኩሌታ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ሠረቀ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ልባቸው ነው ተባለ። እኔ ስልኬ ሲጠራ እንደተለመደው "በአስቸኳይ!" የሚል ሰው መስሎኝ ጠራርጌ ልሳደብ ነበር። አቶ ደግፌ ናቸው። "ቶሎ ውረድ፣ ሲስተሙ እምቢ ብሎናል" አሉኝ።

ወረድኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ለቀስተኛው ግቢው ውስጥ ጃንጥላ ይዞ፣ ጃንጥላ የሌለው ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ ቆሟል። ድንኳን የለም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በጋሽ ሠረቀ ኮት ኪስ ውስጥ ስለነበር ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እያለቀሱ አውጥተው ሰጥተዋል። ቁልፉ በአቶ ደግፌ እጅ ላይ ነው፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

"ለክብራቸው ተጠንቅቄ በንጉሡ ሠ ጻፍኩላቸው፤ እንዲህ የሚባል አባል የለም ይላል" አሉኝ አቶ ደግፌ፤ ላፕቶፑን በላስቲክ ሸፍነው ታቅፈውታል።

"ሰውየውን እኮ ያውቋቸዋል!"

"እኔማ አውቃቸዋለሁ። ሲስተሙ ነው የማያውቃቸው።"

"ይክፈቱትና ድንኳኑ ይውጣ!"

"ያለ ቁጥር? በእሳቸው ላይ ያን ሁሉ ካወራን በኋላ ያለ ቁጥር ድንኳን ላውጣ? ነገ የሚሰረቅ ነገር ቢኖር እኔ ነኝ ተጠያቂው።"

አንድ ሁለት ሰዎች በሩን እንስበረው አሉ። ሌሎች ደግሞ በሟች ቀን በር አይሰበርም አሉና ጭቅጭቅ ተነሳ። እኔ ላፕቶፑን ተቀብዬ በረንዳው ላይ ተንበረከክሁ። ሞክሼን ወደ አሮጌው መመለስ እችል ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ከዝናቡ ጋር ጠፍቷል። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ጋሽ ሠረቀ ድንኳን እንዲያገኙ፣ ሞታቸውም ለአባላቱ እንዲነገር፣ ስማቸውን በእሳቱ ሰ መጻፍ። መልእክቱን ሲስተሙ አንዴ ከያዘው ቆይቶም ቢሆን ይልከዋል፤ ስሙም እንደተጻፈው በየሰው ስልክ ላይ ይወጣል። ከጀርባዬ ሰው "ምን ይጠብቃል ይሄ?" ሲል ሰማሁ።

እትዬ አስካለ ከበሩ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ባላቸው ግን አንዲቷን ፊደል በስም አስተምረዋቸዋል።

"ልጄ፣ በንጉሡ ሠ ጻፍከው?" አሉኝ።

ሰ፣ ረ፣ ቀ ብዬ ጨርሼ ነበር። "አዎ፣ እትዬ" አልኩ።

ሲስተሙ ወዲያው አወቃቸው። ቁጥር ሰጠ፣ በሩ ተከፈተ፣ ድንኳኑ ተተከለ። አመሻሹ ላይ ኔትወርኩ ሲመለስ የሰው ሁሉ ስልክ በየኪሱ ጮኸ። "የእድራችን ንብረት ሀላፊ ሰረቀ..." ይላል። አንዲት ሴት ለእትዬ አስካለ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ ሲነበብ ሁለቱ ፊደሎች አንድ ድምፅ ናቸውና ምንም ጉድለት አልተሰማባትም። እትዬ አስካለም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ድንኳኑ ዳር ተቀምጬ ንፍሮ ቀረበልኝ፤ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው አሳለፍኩት። ጋሽ ሠረቀን በፈሩት ስም አስቀብሬአቸዋለሁ፤ አፌም ውሸት ተናግሯል።

የጡረታውን ማስታወቂያ አልለጠፍኩትም። ከቀብር መልስ ከፈትኩት፣ ሳላነበው አጠፋሁት። ከዚያ ከመጀመሪያው መደረግ የነበረበትን፣ አድካሚ ስለሆነ ቢንያምም እኔም ስንሸሸው የኖርነውን ሥራ ጀመርኩ። ሞክሼ ሲፈልግ ሁሉንም ፊደል አንድ አድርጎ ይፈልግ፤ ሲያስቀምጥ ግን ሰው እንደሰጠው ያስቀምጥ። የቀረውን ክረምት በሙሉ ፈጀብኝ። ወገቤ ከነጭራሹ ተጣመመ፣ ባለቤቴም ከኮቱ ጋር መኖር ለመደች። የክሊኒኩ ሰው "አሁን ካርዱ ይገኛል" ብሎ ጻፈልኝ። "ሞቷል እንዴ?" ያለው ሰውዬ ምንም አላለም።

መስከረም ጠብቶ የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። እጄን አወጣሁና "የጋሽ ሠረቀ ስም ይታረምልኝ" አልኩ።

አቶ ደግፌ ደንቡን ገለጡ። "የሞተ አባል ይሰረዛል እንጂ አይታረምም" አሉ። ቀጥሎም አባልነቱ ወደ ባለቤትየው ስም ይዛወራል ተባለ። ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ ደገፈ። ሰረቀ በእሳቱ ሰ እንደተጻፉ ተሰረዙ።

እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ከጎረቤታቸው ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ ደግፌ ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ስማቸውን ጠየቁ። ጻፉት። "የማን ባለቤት?" አሉ።

"የሠረቀ። በንጉሡ ሠ" አሉ እትዬ አስካለ።

አቶ ደግፌ ጻፉ። አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ "የሰረቀ ባለቤት" ይላል። ንጉሡ ሠ ኪቦርዱ ላይ አንድ ጊዜ ተጨማሪ መምታት ይፈልጋል፤ የአቶ ደግፌ ጣት ደግሞ ካልተጠነቀቁ የቀረበውን ነው የሚያነሳው። ሞክሼም የተሰጠውን ሳይነካ በታማኝነት አስቀምጦታል። ተነሳሁ። "ይቅርታ፣ አቶ ደግፌ" ብዬ ኪቦርዱን ከእጃቸው ወሰድኩት። ደንብ ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ሰን አጥፍቼ ሠን ጽፌ ነበር።

እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ አዩኝ።

"አሁን በንጉሡ ሠ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ያን ቀንም አዎ ብለኸኝ ነበር" አሉና ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። "እስቲ አንቺ ተነሺና እዪልኝ።"